ረቡዕና ዓርብ የሚያስቀምጠው ቡችላ፦ ከአራት ኪሎ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

## ለምን ተመዘገበ

ቡችላ ሲያስቀምጠው ማየት ለእንስሳት ሐኪም ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ያልፋል። ይሄኛው ግን ያልፍና ይመለሳል። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሲያመላልሰው ከረመ። በመሃል አንድ መድኃኒት ሠራ ተባለ፤ አልሠራም ነበር። ሌላው አልሠራም ተባለ፤ ሠርቶ ነበር። ነገሩን ያምታታው የግቢው ሰዎች የጾምና የፍስክ ቀን ነው።

አዲስ አበባ መሃል ያለ የግቢ ውሻ ከአንድ እጅ አይበላም። ስለዚህ ባለቤቱን "ምን ታበላዋለህ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ካርድ ላይ መጻፍ ብዙም አያራምድም። ጉዳዩን የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። የቡችላው ባለቤት እንዲጻፍ ፈቅዳለች። የማንም ስም አልተጠቀሰም፤ ግቢውን የሚያሳብቅ ነገርም ትቻለሁ።

## ቡችላውና ግቢው

ቡችላው ወንድ ነው፤ ክልስ። እናቱ ጀርመን (ጀርመን ሼፐርድ) ናት፣ አባቱ የሰፈር ውሻ። የሁለት ወር ልጅ ሆኖ የመጣው በዐቢይ ጾም መሃል ነው። ባለቤቷ በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ከእናቷ ጋር ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ግቢው የአምስት ቤተሰብ ነው። አንድ የውጭ በር፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ሦስት ቤት የሚጠቀምበት አንድ ኩሽና አለ። ሌባ ስላስቸገረ ውሻ ይምጣ የተባለው በሁሉም ስምምነት ነው። ስለዚህ ቡችላው "የሁላችንም ነው" ተባለ። ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣውም ይሄው ነው።

ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ምግቡ የሽሮ ፍትፍት፣ ቅቅል ድንችና አልፎ አልፎ ሩዝ ነበር። ለሚያድግ ቡችላ በቂ ምግብ አይደለም፤ ሆዱ ግን ደህና ነበር። የፓርቮ (ቡችላን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) እና የሌሎች በሽታዎች ጥምር ክትባት ሁለት ዙር ወስዷል። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ ተከትቧል፤ ካርዱም አለ። ለትል የተሰጠው ከሰው ፋርማሲ የተገዛ አልቤንዳዞል ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

የፋሲካ ለት የዶሮ አጥንቱም፣ የበጉ ጮማም፣ የድስት ጥራጊውም ወደሱ ሄደ። በማግስቱ አስመለሰው፣ አስቀመጠው። "በዓል ነው፣ ያልፋል" ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በየቤቱ ሥጋ አለ፣ በየቀኑም ይተርፋል። የቡችላው ሰገራ በዚያ ጊዜ አንድም ቀን ጠንክሮ አያውቅም፤ ቤተሰቡም እየለመደው ሄደ። ለውጥ የታየው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው። ያለማቋረጥ ይለሰልስ የነበረው ሆድ ደህና ቀንና መጥፎ ቀን እያለ ይፈራረቅ ጀመር።

## ወደ ክሊኒክ ሲመጣ

ሰኔ ላይ አመጣችው። አምስት ወሩ ነው፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ተኩል። ጎኑ ይቆጠራል። ጅራቱን ግን ይቆላል፣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ሁሉ ያሸታል። ሙቀቱ 38.6 ዲግሪ ነው፤ ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ባለው ውስጥ ነው። ሆዱ በጋዝ ተነፍቷል፤ ሲነኩት ግን አያመውም። ድዱ ትንሽ ገርጥቷል።

ባለቤቷ የያዘችው ፌስታል ታሪኩን በከፊል ይናገር ነበር። የተጀመረ ሜትሮኒዳዞል፣ ያለቀ የቲኒዳዞል ልጣጭ፣ ግማሽ ፓኬት ኦ አር ኤስ። ከፌስታሉ ውጪ ደግሞ ፌጦ በሎሚ ተሞክሯል። ነጭ ሽንኩርት ተጨፍልቆ በወተት ተሰጥቶታል። ከጎረቤት አንዱ ኮሶ ይጠጣ ብሎ ነበር፤ እሱ እንኳን ቀርቷል።

ነጭ ሽንኩርት ለውሻ ቀይ የደም ሴል ጠላት ነው። ወተቱም አላገዘም። ከጡት የወጣ ቡችላ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ ወተት ራሱ ያስቀምጠዋል። "ወተት መርዝ ይሰብራል" የሚባለውን አምኖ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። እዚህም ያስመለሰው ለት ሁሉ ወተት ይሰጠው ነበር።

አንድ ነገር ጨምራ ነገረችኝ። አንድ ዓርብ ጠዋት ቡችላው ሲያቅለሸልሸው ምራቁን እያዝረበረበ ግቢው መሃል ይዞራል። ዘበኛው "አብዷል!" ብሎ ዱላ አነሳ። ልጆች ወደየቤታቸው ተሰበሰቡ። የክትባት ካርዱን አውጥታ እስክታሳይ ድረስ ማንም አላመናትም። በሽታው በከተማችን አሁንም ሰው ስለሚገድል ዘበኛውን አልፈርድበትም። ያ ካርድ ባይኖር ኖሮ ግን ይህ ጉዳይ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ሰገራው የተደባለቀ ምልክት ነበረው። አንዳንድ ቀን ብዙና ውሃማ ነው። አንዳንድ ቀን በትንሽ በትንሹ፣ እያማጠ፣ ንፍጥ የለበሰ፣ ጫፉ ላይ የደም ክር ያለው። የመጀመሪያው ዓይነት ወደ ቀጭኑ አንጀት ይጠቁማል፣ ሁለተኛው ወደ ትልቁ። ሁለቱ ሲፈራረቁ መንስኤው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ጥሩ ነው።

## የመጀመሪያው ዙር

አስቸኳይ ነገር መኖር አለመኖሩን አየን። ፓርቮ አይመስልም፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትኩሳት የለውም። አጥንት የዘጋው አይመስልም፤ ሆዱ ለስላሳ ነው፣ ሰገራም ይወጣዋል። ራጅ አላስነሳንም። ደሙን አየን፤ የቀይ ሴሉ ድርሻ 35 በመቶ ነው። ለጎልማሳ ውሻ የተለመደው ከ37 እስከ 55 ነው። ቡችላ ላይ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ አላስደነገጠንም። ግን ተመዘገበ። የቀረው የክትባት ዙርም ሆዱ ደህና የሆነ ቀን ተሰጠው፤ ቡችላ ቢያንስ 16 ሳምንት ሲሞላው የመጨረሻውን ዙር መውሰድ አለበት።

ሜትሮኒዳዞሉን አስቆምን። የሰው መድኃኒት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛም ለውሻ እናዝዘዋለን። ነገር ግን በተደጋጋሚና በግምት ሲሰጥ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ያመናምናል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ነርቭ ነክቶ ያንገዳግዳል። እሷ ትሰጥ የነበረው ዓርብ ካስቀመጠው በኋላ ቅዳሜ ጀምራ ነው። እስከ ማክሰኞ ደህና ይሆናል። "ሠራ" ትላለች። ረቡዕ ጠዋት ይመለሳል። እንደገና ትገዛለች።

ሰገራ ምርመራ ላይ የወስፋት እንቁላል ተገኘ። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ ወስፋት ከእናት ወደ ቡችላ በማሕፀንም በጡትም ይተላለፋል። ለዚህ ነው ቡችላ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሁለት ወሩ በኋላ ደግሞ እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ የትል መድኃኒት የሚያስፈልገው። ፒራንቴልና ፕራዚኳንቴል ያለበትን የውሻ እንክብል ሰጠነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመ። አልቤንዳዞሉን ደግሞ አትስጪው አልናት። ውሻ ላይ የደም ማምረቻውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል፤ የተሻለ አማራጭ እያለ ለቡችላ የሚመረጥ አይደለም።

ወስፋቱ ጠፋ። ቡችላው ጸጉሩ አማረ፣ መክበድም ጀመረ። ማስቀመጡ ግን አልቆመም። ግቢው "መድኃኒቱ አልሠራም" አለ።

## የግድግዳው ካላንደር

ደብተር ያዢ ብያት ነበር። አልያዘችም፤ ማታ ደክማ ነው የምትገባው። በምትኩ ኩሽናው በር ላይ በተሰቀለው የግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ጀመረች። ላስቀመጠው ቀን ነጥብ፣ ላስመለሰው ቀን ክብ። እሷ ከሌለች እናቷ ታደርገዋለች። ሐምሌ ሲያልቅ ገጹን ገንጥላ አመጣችልኝ። ጥግ ላይ የዘይት ጠብታ አለው። ነጥቦቹና ክቦቹ ገጹ ላይ ተበታትነው አልነበረም፤ ሁለት ረድፍ ሠርተው ወደ ታች ወርደዋል። ረቡዕና ዓርብ። እዚህም እዚያም የተረፉ ጥቂት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን በዚያ ቀን ልብ አላልናቸውም።

እናቷ ወዲያው መልስ ነበራቸው፦ "ሽሮው ነው የሚነፋው!" እውነት የሚመስል ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ነው የሚበላው፤ ባቄላና ሽንብራም ሆድ ይነፋል። ሽሮው ተከለከለ። ምንም አልተለወጠም።

ሰዓቱን ስንጠይቅ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የሚያስመልሰው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ አንድም ምድጃ አልተለኮሰም። በዕለቱ የበላው ነገር የለም። ስለዚህ መታየት ያለበት ያለፈው ማታ ነው፤ ማክሰኞ ማታና ሐሙስ ማታ።

ባለቤቷ ወደ ጎረቤት ሄዳ ጠየቀች። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ልጃቸው ልኳንዳ ቤት ይሠራል።

"እትዬ፣ ማታ ማታ ለውሻው የሚሰጡት ነገር አለ እንዴ?"

"አዎ የኔ ልጅ! ማክሰኞና ሐሙስ ነው እንጂ ሌላ ቀን ምን ተርፎ? ነገ ጾም ነው፣ የፍስክ ድስት አያድርም። ውሻ እንደሆን አይጾም።"

በድስቱ ውስጥ ያለውን ዘረዘርን። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፤ ልጃቸው ከሚያመጣው ቁርጥራጭ የተረፈ ጮማ፤ የተቀቀለ አጥንት። ቀጭን ቡችላ አንድ ጊዜ ይህን ያህል ስብ ሲበላ አንጀቱ አይችለውም፤ ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል። የተቀቀለ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ይቧጭራል፤ የደሙ ክር ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሽንኩርቱ ደግሞ በእሳት አይጠፋም። በተመዘገቡ ጉዳዮች ውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሲበላ ደሙ ላይ ጉልህ ጉዳት ታይቷል። የዚህ ቡችላ ድርሻ እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ወጥ ማለት በአብዛኛው ሽንኩርት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ሲሆን ደግሞ ቀላል አይደለም። ያቺ 35 በመቶ ከዚህም ሊሆን ይችላል፣ ከዕድሜውም።

## ያልሠሩት ዘዴዎች

በመጀመሪያ የተሞከረው ክልከላ ነው። በር ላይ "ለውሻው ምግብ መስጠት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ማንም አላነበበውም፤ እትዬ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል። ቀጥሎ የባለቤቷ እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። እትዬ ተቀየሙ፦ "ለውሻ ለማጉረስ ደግሞ ፈቃድ ልጠይቅ?" ሁለቱ ሴቶች ለአንድ ሰሞን ቡና ተጠራርተው አልጠጡም። ቡችላው ግን ማታ ማታ መብላቱን አላቆመም፤ አሁን በድብቅ ሆነ።

ከዚያ ማሰር ተሞከረ። ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። የመጣው ለጥበቃ ስለሆነ ታስሮ ማደሩ ለማንም አልተዋጠለትም። ተፈታ።

## ፍልሰታ ያሳየን ነገር

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ጾም ነው፤ በግቢው ሥጋ የሚባል አልተሠራም። ቡችላው ማስመለሱን አቆመ። የረቡዕና የዓርቡ ረድፍ ከካላንደሩ ላይ ጠፋ። ማንንም ሳንጨቀጭቅ፣ መድኃኒትም ሳንሰጥ፣ ድስቱ በራሱ ጊዜ ቆመልን ማለት ነው።

የቀረው ግን አስገራሚ ነበር። አልፎ አልፎ፣ ያለ ምንም ቀን ምርጫ፣ ለስላሳና ንፍጥ ያለው፣ ሽታው የከበደ ሰገራ ይታያል። ማክሰኞም፣ እሑድም። በሐምሌው ገጽ ላይ ልብ ያላልናቸው ነጥቦች ትርጉም ያገኙት ያኔ ነው። ድስቱ ይህንን ሁለተኛ ነገር ሸፍኖት ነበር።

ሦስት ናሙና በአንድ ቀን እያለፈች እንድታመጣ ጠየቅኋት። ትኩስ፣ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በዚያው ጠዋት። ሁለቱ ንጹሕ ነበሩ። በሦስተኛው ጃርዲያ (በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) ተገኘ። ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም፤ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሌላ ቀን አይወጣም። አንዴ ታይቶ "የለም" የተባለ ሁሉ ነጻ አይደለም።

የሰጠነው ፌንቤንዳዞል ነው፤ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለአምስት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ቡችላው ያኔ 14 ኪሎ ስለነበር በቀን 700 ሚሊ ግራም ሆነ። ያገኘነው ለከብት የተዘጋጀ ትልቅ እንክብል ነበር፤ በክብደቱ ልክ ከፋፍለን በወረቀት ጠቅልለን ሰጠናት።

ክብደቱን በየሳምንቱ የምትከታተለው አራት ኪሎ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ በሚቀመጥ ልጅ ጋር ነው። መጀመሪያ ራሷ ትወጣለች፣ ቀጥሎ ቡችላውን ታቅፋ ትወጣለች፣ ልዩነቱን ትወስዳለች። ልጁ የሁለት ሰው ሂሳብ ይቀበላታል። ትክክል ነው፣ ሁለቴ ነው የመዘነው።

## ውሃው፣ ጭቃውና ሳሙናው

መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። የጃርዲያ እንቁላል መሰል ቅርፊት በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ይሄው ነው። ጸጉር ላይም ይጣበቃል። ውሻው ቂጡን ሲልስ መልሶ ራሱን ይበክላል። ስለዚህ በመጨረሻው የመድኃኒት ቀን ከኋላው ጀምሮ በሻምፑ ታጠበ። ሰገራው በየቀኑ ተለቀመ። ሲሚንቶው በብሩሽ ተፈግፍጎ ከታጠበ በኋላ በረኪና ፈሰሰበት። ቆሻሻው ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ ብርና ጉልበት ማባከን ነው። አፈሩን በረኪና አያጸዳውም፤ እዚያ ያለን ተስፋ ፀሐይ ነው፣ እሱም በነሐሴ አልተገኘም።

ውሃ የሚጠጣበትን ስናይ ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ ቡችላው ግን አይጠጣበትም። የሚጠጣው ከጋራው ቧንቧ ሥር ከሚያቁረው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የመጣ ለት በርሜሉ ሁሉ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ያቁራል። ዘበኛው ጉድጓዱን በጠጠር ሞላው። በሥራው ሁሉ ውስጥ ርካሹ ይሄ ነበር። ለቡችላው የሚሰጠው ውሃ ፈልቶ ቀዘቀዘ፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ጃርዲያን በቀላሉ አይገድልም።

በግቢው ልጆች ስላሉ ጥያቄ መጣ፦ "ለኛም ይተላለፋል?" ውሻን የሚይዙት የጃርዲያ ዓይነቶች አብዛኞቹ ለውሻ የተለዩ ናቸው፤ ወደ ሰው ማለፉ ብዙ አይደለም። ይሁንና ሁለቱንም የሚይዙ ዓይነቶች አሉ። እጅ በሳሙና ይታጠብ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ለነዚያ ልጆች ከጃርዲያው ይልቅ ወስፋቱ ያሳስበኝ ነበር፤ የውሻ ወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ልጆች ደግሞ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ የታየው ናሙና ንጹሕ ሆነ።

## ምግቡ

አንጀቱ እስኪያርፍ የሩዝና የቀይ ሥጋ ቅቅል ተሰጠው፤ ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ሥጋ። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ የለበትም። ሥጋው ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋው ስብ ይገፈፋል። በቀን አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ። የዶሮ ደረት ይመከራል፤ ዋጋውን አይታ ሳቀች፣ እኔም አልገፋሁበትም።

ይሄ ለአጭር ጊዜ ነው። ሩዝና ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ ብዙ ነው፣ ካልሲየም ግን እምብዛም። ለወራት ከቀጠለ እግሩ ይጎብጣል። ስለዚህ ሰገራው ሲጠነክር ቡችላ ለማሳደግ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ቀስ በቀስ ተቀላቀለ። መጀመሪያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ። ሙሉ በሙሉ በሱ ማሳደግ ኪሷ አልፈቀደም። ግማሹ የቤት ምግብ ሆኖ ቀረ፤ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በልክ ይጨመርበታል። ልኩን እኛ ነን ያወጣንላት። በግምት መጨመር ለትልቅ ዝርያ ቡችላ አጥንት ሌላ ችግር ያመጣል።

እንጀራው መጠርጠሩ አልቀረም ነበር፤ እርሾው ነው ተብሎ። ለብቻው ፈተንነው። ለተከታታይ ቀናት ደረቅ እንጀራ ያለ ወጥ ከሩዙ ጋር ተሰጠው። ምንም አልሆነም። እንጀራው ነጻ ወጣ፤ ለቤተሰቡም ወጪ ቀነሰ።

## እትዬ እንዴት ተመለሱ

ባለቤቷ ቡና አፍልታ እትዬንም እናቷንም ጠራች። የካላንደሩን ገጽ ዘረጋችላቸው። ጽሑፉን ባያነቡም ነጥቦቹ ይታዩአቸዋል። "ይሄ ሁሉ ከኔ ነው?" አሉ። ከእንግዲህ እንዳይሰጡት አልተጠየቁም። የተጠየቁት ሥጋው ድስት ውስጥ ከሽንኩርቱ ጋር ሳይገባ በፊት ለቡችላው አንድ ሁለት ቀይ ቁራጭ ለይተው እንዲቀቅሉለት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የሚያበሉት እሳቸው ናቸው፤ ቀናቸው ነው፣ ማንም አይነካባቸውም። ልጃቸውም ጮማውን ትቶ ቀዩን ያመጣ ጀመር።

የድስቱ ጥራጊና አጥንቱ በጆንያ ታስሮ ግድግዳ ላይ ባለ ሚስማር ይሰቀላል። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች በቀናቸው ነው የሚመጡት፤ እስከዚያ መሬት ላይ ከተቀመጠ ቡችላው ጆንያውን ይዘረግፈዋል።

ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ አንድ ጊዜ አስመለሰው። ከየትኛው ቤት እንደሆነ አልተጣራም፤ አምስቱም ቤት ዶሮ ነበር። እንቁጣጣሽ ያለ ችግር አለፈ።

## በበዓል ቀን ስለሚጣለው ሳንባ

ከተቅማጡ ጋር በቀጥታ አይያያዝም፤ ግን በዚሁ ክትትል ውስጥ ስለተገኘ እጽፈዋለሁ። እንቁጣጣሽ ግቢው ውስጥ በግ ታረደ። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበር። ዘበኛው እንደ ወጉ ለውሻው ሊወረውር ሲል ባለቤቷ አስቆመችው።

ያ ከረጢት የአንድ ትንሽ ኮሶ ትል ዕጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል። ያን እንቁላል የዋጠ ሰው ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ውሻው ራሱ ምንም ምልክት አያሳይም፤ አያስቀምጠውም፣ አይከሳም። ስለዚህ ሰገራው ደህና ነው ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይሰጥም። ይቀበር፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት። ካልሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ይፍላ። ለዚህ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም።

## ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

ለሐኪሞች፦ የግቢ ውሻ ታሪክ ሲወሰድ የባለቤቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ፣ ዘበኛውና ልኳንዳው ይጠየቁ። ያስቀመጠበትን ቀን ብቻ አትጠይቁ፤ ሰዓቱን ጠይቁና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ባለቤት ደብተር አልይዝም ካለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ፈልጉ። የክርስቲያን ግቢ ከሆነ ካላንደሩ ጾሙን ጭምር ስለሚያሳይ ከደብተር ይሻላል። ረመዳን የሚጾምበት ግቢ ላይም ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ትርፍራፊው የሚወጣው ከአፍጥር በኋላና ከሱሑር በኋላ ነው።

ለባለቤቶች፦ ማስቀመጥ ሁሉ በሜትሮኒዳዞል አይታከምም። ደም የበዛበት ተቅማጥ፣ ውሃ እንኳን የማያስቀር ትውከት፣ ወይም ሆዱ ተወጥሮ ሲያቃስት ከሆነ ካላንደር ላይ ምልክት እየተደረገ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ቡችላ በአንድ ቀን ውስጥ ውሃው ሊያልቅ ይችላል። የድዱን እርጥበት በጣት ንኩ፤ ከደረቀና ከተጣበቀ ጊዜ የለም።

መንስኤ ሁለት ሲሆን አንዱን ማከም ምንም ያልተለወጠ ያስመስላል። እዚህ ሦስት ነበሩ፤ ወስፋቱ፣ ድስቱ፣ ጃርዲያው። እያንዳንዱ እርምጃ የሆነ ነገር አሻሽሏል፤ ግቢው ግን የሚያየው የመጨረሻውን ሰገራ ነው።

## አሁን ያለበት

ቡችላው 19 ኪሎ ሆኗል። የቀይ ሴሉ ድርሻ 41 በመቶ ነው። ጎኑ አይቆጠርም። መስቀል ሰሞን አንድ ቀን ለስልሶ በማግስቱ ተስተካከለ።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። ጀርመን ውሾችና ክልሶቻቸው ላይ ቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ማምረት የሚያቆምበት ሕመም ከሌላው ዝርያ በብዛት ይታያል። ምልክቱ ብዙ እየበሉ መክሳትና ቅባት ያለው፣ የነጣ፣ ብዙ ሰገራ ነው። ይህ ቡችላ እየጨመረ ስለሆነ ለጊዜው አልመረመርነውም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ድረስ የእትዬ የፍስክ ድስት አይወጣም። የትል መድኃኒቱ ከጾሙ በፊት ይሰጣል፣ ሦስት ናሙናም ይወሰዳል። በጾሙ ሳምንታት ውስጥ ካስቀመጠው የሚቀጥለው ምርመራ የቆሽት ነው።